ማንም የማይጥለው የሳሙና መጠቅለያ

ጀመዓ፣ ዛሬ ከሚሴ ውስጥ በየቤቱ እየዞርኩ የፈላ ውሃ ስለምን ያየኝ ሰው ካለ፣ አዎ፣ እኔው ነኝ። አላመመኝም። ሻይ ቤትም አልከፈትኩም።

ሳሙና ልብሱን ላስወልቅ ነው!

"ሳሙና ደግሞ ምን ልብስ አለው?" ትሉኝ ይሆናል። ቆዩ፣ ላስረዳችሁ። እንደምታውቁኝ ማስረዳት እወዳለሁ። ዛሬ የገባሁበት ጉድም የመጣው ከዚሁ ፍቅሬ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

እህቴ ዘይነብ የጥቁር አዝሙድ ሳሙና ትሠራለች። በእጇ። ዘይቱን ታሞቃለች፣ ኮስቲክ ሶዳውን ትለካለች፣ አዝሙዱን ወቅጣ ትጨምራለች፣ ጣውላ ሳጥን ውስጥ ታፈስሰዋለች፣ ሲጠነክር በሽቦ ትቆርጠዋለች። ሽታው እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ! ጠዋት የታጠበ ሰው እስከ ማታ መዳፉን እያሸተተ ይውላል።

ችግሩ መሸጫው ነው። ሰኞ ባቲ፣ ረቡዕ ጨፋ ሮቢት። ሕፃን ልጇን አዝላ፣ የሳሙና ዘንቢሏን ታቅፋ፣ አይሱዙ ላይ ከጤፍ ጆንያና ከፍየል ጋር ተጭና። ባለፈው ከባቲ ስትመለስ ልጁ በሙቀቱ ተዝለፍልፎ ነበር የመጣው። የዚያን ቀን ዘንቢሏን መሬት ላይ አስቀመጠችና "በቃኝ። ልጄን ገድዬ ሳሙና አልሸጥም" አለች።

ስለዚህ እኔ ጣልቃ ገባሁ።

ሀጂ አወል ዘንድ ሄድኩ። ሀጂ አወል ዋናው መንገድ ዳር ትልቅ ሱቅ ያላቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። የዘይነብን ሳሙና አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ፤ ከዚያ አንድ ባዶ መደርደሪያ አሳዩኝ።

"እስከ ወሩ መጨረሻ እዚህ ይቀመጥ" አሉኝ። "አዲስ ነገር ሲመጣ ሁሉም አንዴ ይገዛል፤ እሱን አልቆጥረውም። እኔ የማየው ተመልሶ የሚመጣውን ነው። ተመልሶ የሚመጣ ሰው ካለ መደርደሪያው የእህትህ ነው። ከሌለ ለሌላ እሰጠዋለሁ።"

ፍትሐዊ አይደል? ሰው ተመልሶ ይመጣል፣ ዘይነብ ከአይሱዙ ላይ ትወርዳለች። በቃ። ይቺን "ተመልሶ መምጣት" የምትባል ነገር ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ ትመጣለች።

"በምንድን ነው የምትጠቀልሉት?" ሲሉ ጠየቁኝ።

ዘይነብ በምንም አትጠቀልልም ነበር። ሳሙናው ራቁቱን ነበር የሚሸጠው።

"እሱን ለኔ ይተዉት!" አልኩ።

ይቺ ዓረፍተ ነገር ከአፌ በወጣች ቁጥር አንድ ሰው ይጎዳል። ተማሪዎቼን ጠይቁ።

እኔ ያለ ዕቅድ ውሃ የማልጠጣ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ ስለ ፓኬጂንግ አነበብኩ። መጠቅለያ ዕቃውን ይጠብቃል፤ ሌብል ዕቃውን ያስተዋውቃል፤ ከሁሉም በላይ ግን ገዢው ዕቃውን እንዲያምነው ያደርጋል ይላል።

እንዲያምነው!

እስቲ ንገሩኝ፣ የከሚሴ ሰው አንድን ነገር እንዲያምን ምን ታደርጋላችሁ? አበባ ትሥላላችሁ? ጥርሷን የምታሳይ ልጅ ፎቶ ትለጥፋላችሁ? እኔ ጠዋት ጠመኔ ሳነሳ እንኳ "ቢስሚላህ" ብዬ ነው የማነሳው። ዘይነብም ሶዳውን ስታፈስ "ቢስሚላህ" ብላ ነው የምታፈሰው። ሳሙናው በቢስሚላህ የተሠራ ነው፤ ይህ እውነት ነው፤ ማስታወቂያ አይደለም።

እና ጻፍኩት።

ሙሉውን፣ በዓረብኛ። በዚያ በሚያምረው፣ በሚጠማዘዘው አጻጻፍ፣ በአረንጓዴ መደብ ላይ በወርቃማ ቀለም። ከፊት። ከኋላ። በሁለቱም ጎን። ትንሽ ባዶ ቦታ ስትተርፈኝ ምን አደረግኩ? በትንንሹ ደገምኩት። "ሳሙና" የምትለዋን ቃል ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል አስቀመጥኳት።

ፍረዱኝ እንግዲህ! ሱቅ በር ላይ ይጻፋል። ሚኒባስ መስታወት ላይ ይጻፋል። ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሳሙና ላይ ቢጻፍ ምን ይላል?

ልዩነቱ አሁን ገብቶኛል። ሚኒባስ ተቀዶ አይጣልም። ሚኒባስ ይዞ ሻወር ቤት የሚገባ ሰውም የለም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ማንም፣ ማንም ምንም አለማለቱ ነው! ኮምቦልቻ ያለው አታሚ "በጣም ያምራል፤ በብዛት ካሳተምክ ይረክስልሃል" አለኝ። ሙሉ ካርቶን አሳተምኩ። ዘይነብ ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ "ማሻአላህ! ይሄ የኔ ሳሙና ነው?" አለች። ሀጂ አወል አንዱን አነሱና ሳሙት።

ሳሙት! ግንባራቸውንም አስነኩት!

ከዚያ በላይ ምን ምልክት እጠብቅ ነበር? ሰው ሳሙና ሲስም ካያችሁ አንድ ነገር እንዳለ ዕወቁ። እኔ ግን ደስ አለኝ።

መጠቅለያዎቹን በራሴ እጅ ለጠፍኳቸው። አንዲት ጫፍ እንዳትነሳ፣ ጣውላ በሚያጣብቅ ሙጫ። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ጨርሼ ነው የምሠራው።

እና ሳሙናው አለቀ! እንደገና ሞላን፤ ሌላ ሰው መጥቶ ገዛ፤ እንደገና አለቀ። ዘይነብ ጎረቤት ሄዳ ትልቁን የሠርግ ድስት ተዋሰች። የአይሱዙውን ሾፌር "ከእንግዲህ አትጠብቀኝ" አለችው። እኔ ነበርኩ "በይው" ያልኳት።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር ነበር። እኔ የትምህርት ቤታችን የንጽህና ክበብ ኃላፊ ነኝ። ከልጆቹ ጋር መንገድ ስናጸዳ የብስኩት ወረቀት እናገኛለን፣ የከረሜላ ወረቀት እናገኛለን፤ የኔ መጠቅለያ ግን አንድም የለም። አንድም! እዚሁ ገጽ ላይ "የእኛ ደንበኞች ከተማቸውን የሚያከብሩ ናቸው" ብዬ አልጻፍኩም? ያኔ ላይክ ያደረጋችሁ፣ እባካችሁ አሁን አንሱልኝ።

ዛሬ ጠዋት እንግዲህ።

ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ እያስተማርኩ ነው። እየቀለድኩ አይደለም፤ ምዕራፉ እሱ ላይ ደርሶ ነው። "ወረቀት ስናገኝ የት እንጥላለን?" አልኩ። "ቅርጫት ውስጥ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ተነስታ ከደብተሯ መሃል የኔን መጠቅለያ በሁለት እጇ ይዛ አሳየችኝ።

"ቲቸር፣ ይሄንንስ?"

ጠመኔዬን አስቀመጥኩ።

"እናቴ በቢላዋ ጫፍ ስንት ሰዓት ታግላ አላቀቀችው፤ ከዚያ የት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ሳሙናውንም ፈርታ አልታጠበችበትም። አባቴ 'የጻፈው ቲቸር ነው፤ ለሱ መልሺለት' አለኝ።"

ከኋላ አንዱ ጮኸ፤ "ቲቸር፣ እኛም ቤት አለ! አልተፈታም!" "የኛ ቁም ሳጥን ላይ ነው!" "አያቴ በሻሽ ጠቅልላዋለች!"

እኔ በሕይወቴ ለጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም። ባላውቀው እንኳ አስረዳለሁ። ዛሬ ግን ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ደውል ሲደወል በቀጥታ ወደ ሀጂ አወል ሱቅ ከነፍኩ። ከሩቅ ሳይ ሰው ተሰልፏል! በሳሙናው መደርደሪያ ፊት! ልቤ ዘለለች። "ተመልሰው መጡ!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን፣ መንገድ ላይ።

እውነትም ተመልሰው መጥተዋል።

ወረቀቱን ከነሳሙናው ሊመልሱ!

በነጭ ጨርቅ የጠቀለለ አለ። በፖስታ ያሸገ አለ። አንድ ገበሬ ከጨፋ ድረስ ቆቡ ውስጥ፣ አናቱ ላይ አድርጎ ነው ያመጣው፤ ዝቅ እንዳይል።

"ይኸው መጣ" አሉ ሀጂ አወል ሳይስቁ። "ከጠዋት ጀምሮ ሳሙና አልሸጥኩም፤ አማና፣ የሰው አደራ እየተረከብኩ ነው።"

ከሰልፉ ፊት ጎረቤታችን አዴ ኸዲጃ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። "አከም ጅርታ፣ ያ ቲቸር?" አሉኝ።

"አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ አዴ።"

"ደህና አትሁን። ያንን ሳሙናህን ከገዛሁ ጀምሮ ቁርኣኑ አጠገብ ነው ያስቀመጥኩት። ምን ላድርገው?"

"ይታጠቡበት እንጂ አዴ!"

"በየትኛው እጄ ቀድጄው? አስተግፊሩላህ በል!"

"አስተግፊሩላህ።"

"አንተ ብትሆን ትቀደዋለህ?"

አሰብኩ። ወላሂ አልቀደውም። እንዲያውም ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ እኔ ቤት ያለችው ሳሙና መጽሐፎቼ አናት ላይ ናት። እኔ ራሴ የምታጠበው በሌላ ሳሙና ነው!

ስኳር ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት "ሳሙና ነው እንዴ?" አለች ደንግጣ። "ባሌ ሲያመጣው የሐጅ ስጦታ መስሎኝ! እንግዳ በመጣ ቁጥር 'ከመካ የመጣ ነው' እያልኩ ሳሳይ ነው የኖርኩት!"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። አልወጣም።

ሀጂ አወል ወደ ጥግ ወሰዱኝ። "ስማኝ ቲቸር። ብዙ ሰው ገዛ፤ አንድም ሰው አልታጠበም። ያልታጠበ ሰው ሳሙናው አያልቅበትም። ያላለቀበት ሰው ሊገዛ አይመጣም።" እኔ እንኳ ክፍል ውስጥ እንዲህ በቅደም ተከተል አስረድቼ አላውቅም። "ወሩ ደግሞ ዛሬ አለቀ። ነገ ለመደርደሪያው ሌላ ዕቃ ይመጣል።"

የሠርጉ ድስት ታየኝ። አይሱዙው ታየኝ። የተዝለፈለፈው ልጅ ታየኝ።

"እስከ ማታ ይስጡኝ" አልኩ። "በየቤቱ ዞሬ ራሴ አላቅቀዋለሁ። ሰው ሳሙናውን ይየው፣ ይታጠብበት። ከዚያ ይፍረዱ።"

ጸሐይዋን ቀና ብለው አዩና "እስከ መግሪብ" አሉ። "እንደ ሶላት ታጥበህ፣ ውዱእ አድርገህ ሂድ።"

መጀመሪያ ግን ለዘይነብ መንገር ነበረብኝ። የሠርጉን ድስት እያማሰለች አገኘኋት፤ ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ሻሿን ይጎትታል። ሁሉንም ነገርኳት። ማማሰሏን አላቆመችም።

"አንድም ሰው አልታጠበበትም?"

"አንድም።"

"ታዲያ ምን ብለው ገዙት?"

"ያምራል ብለው።"

"እንግዲህ የኔን ሳሙና ማንም አላሸተተውም" አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለድስቱ። ይቺ ከሰልፉ ሳቅ በላይ ወጋችኝ። ከዚያ ቀና ብላ "የተረፈው ካርቶንስ የት ነው?" አለችኝ።

"ቤቴ።"

"ቤትህ የት?"



"አልጋ ስር።"

ማማሰሏን አቆመች። "አልጋ ስር?! ላዩ ላይ እየተኛህ?!"

እንግዲህ ሩጫ ወደ ቤቴ፣ ካርቶኑን አውጥቼ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ውዱእ፣ ከዚያ ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ቅርጫት ይዤ ወደ ሰው ቤት።

ሙጫዬን አልረሳችሁትም አይደል?

የአላህ ስም ነውና መቅደድ የለም። መፋቅ የለም። መቁረጥም የለም፤ የቱን ፊደል ትቆርጣላችሁ? የቀረው እንፋሎት ብቻ ነው። ስለዚህ በየበሩ ቆሜ "አሰላሙ ዓለይኩም፣ የፈላ ውሃ ይኖራችኋል?" ማለት ጀመርኩ።

"ምነው ቲቸር፣ ብርድ መታህ?"

"አይ፣ ሳሙናችሁን ልፈታላችሁ ነው።"

ማንቆርቆሪያው ይመጣል፤ ሳሙናውን እንፋሎቱ ላይ እይዛለሁ፤ ወረቀቱን በጥፍሬ ጫፍ፣ በቀስታ፣ እንደ ቁስል ፋሻ አላቅቃለሁ። አሁን አንድ ትንሽ የሳይንስ ነጥብ፦ ሳሙና እንፋሎት ሲነካው ይሟሟል። የሟሟ ሳሙና ያሟልጫል።

ሦስተኛው ቤት ላይ ከእጄ አመለጠ! ከነወረቀቱ! መሬት ሊነካ ነው! ተወረወርኩ። እመኑኝ፣ በደረቴ ግቢው ላይ ተንሸራትቼ ከመሬት አንድ ጣት ሲቀረው ቀለብኩት።

ከአጥሩ ውጭ ጭብጨባ። የንጽህና ክበቤ አባላት ናቸው። ለካ ከመጀመሪያው ቤት ጀምረው እየተከተሉኝ ነበር!

"ቲቸር አዳነው!" ይላል አንዱ። "ይሄ በረኛ እያለ ነው የባለፈውን የተሸነፍነው?" ይላል ሌላው።

ቅርጫቱን ደግሞ ዝቅ አድርጌ መያዝ አልችልም። ወደ ላይ አንስቼው ስሄድ ክንዴ ዛለ። ስለዚህ አናቴ ላይ አደረግኩት። በሸሚዜና በክራቫቴ፣ ደረቴ አፈር ሆኖ፣ ቅርጫት ተሸክሜ፣ ልጆች ከኋላ አስከትዬ ዋናውን መንገድ አቋረጥኩ። ምክትል ርዕሰ መምህራችን በሞተር ሳይክል መጡ። አቆሙ። አዩኝ። ምንም ሳይሉ ሄዱ።

አንድ ነገር ቢሉኝ ምናለ!

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወረቀቱ በተነሳ ቁጥር የአዝሙዱ ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። ሴቶቹ ከማንቆርቆሪያው የተረፈውን ውሃ እዚያው በቀዝቃዛ እያበረዱ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ያሸታሉ። አዴ ኸዲጃ እጃቸውን ታጠቡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ክንዳቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ ምርኩዛቸውን አንስተው ባቴን ቸብ አደረጉኝ።

"ይሄ ቤቴ እያለ ነው በልብስ ሳሙና ስታጠብ የከረምኩት?"

ጸሐይዋ ስትዘቀዝቅ ቅርጫቴን ይዤ ሀጂ አወል ሱቅ ደረስኩ። ዘይነብም ልጇን አዝላ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ገዢ የለም። ሀጂ አንዱን የሱቅ በር ዘጉ። ሁለተኛውን ያዙ። ዘይነብ መደርደሪያውን አየችው፤ ከዚያ መሬት መሬቱን።

ምርኩዝ ሰማን። ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

"ያ ሀጂ! እንዳትዘጋ!" አዴ ኸዲጃ ናቸው። "ያንን ልብስ የሌለውን ሳሙና ስጠኝ።"

"አሁን አይደል እንዴ የተፈታልዎት? ከመቼው አለቀ?"

"ማን አለቀ አለህ? ምራቴ አሸተተችና ነጥቃኝ ሄደች!"

ሀጂ አወል ጺማቸውን ዳበሱ። ከዚያ ወደ ዘይነብ ዞሩ።

"ተመልሰው መጡ" አሉ። "መደርደሪያው ያንቺ ነው። ሳሙናው ግን ራቁቱን ይምጣ።"

ዘይነብ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አልነገረችኝም።

"አንተ ደግሞ" አሉኝ ሀጂ፣ "እዚህ ስትመጣ ሻይ እንጂ ስክሪብቶ እንዳትይዝ።"

"ወረቀቶቹንስ ሀጂ?"

"መስጂድ ውስጥ ያረጁ የቁርኣን ገጾች ተሰብስበው ንጹህ ቦታ ይቃጠላሉ፤ አመዱም ይቀበራል። ጊዜው ከረመዳን በኋላ ነው። እስከዚያ አንተ ዘንድ ይቀመጡ። የጻፍካቸው አንተ ነህ።"

ረመዳን ገና ነው፣ ጀመዓ። በጣም ገና ነው!

ይህን የምጽፍላችሁ ከአንዲት የኪራይ ክፍሌ ነው። ካርቶኑና ቅርጫቱ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ናቸው። እዚያ የነበረው ሻንጣዬ መሬት ወርዷል። እግሬ ወደ እነሱ እንዳይዘረጋ አልጋዬን አዙሬዋለሁ፤ አልጋው ሲዞር በሩን ገጨ፤ በሩ ከግማሽ በላይ አይከፈትም፤ ስለዚህ ወደ ገዛ ቤቴ በጎኔ ነው የምገባው።

ብራንድ ልትጀምሩ፣ ሌብል ልታሳትሙ ያሰባችሁ ወዳጆቼ፣ የንጽህና ክበቡ ኃላፊ ምክር ይኸውላችሁ፦ መጠቅለያውን ከማሳመራችሁ በፊት ሲጣል በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት። ስታዩት እጃችሁ እምቢ ካለ አታትሙት።

ለጊዜው ግን ከምክሬ ይልቅ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከመካከላችሁ ከኔ የሚረዝም ቁም ሳጥን ያለው፣ ኪራይ የማይከፍል ግን ጸጥ ያለ እንግዳ ረመዳን እስኪያልፍ ማስተናገድ የሚችል ሰው አለ?